የእትዬ አስካለ የዓርብ ዜና

በመቱ ከተማ የሕፃናት መዋያ በር ቆማችሁ ልጅ ለሰጣችሁና ለተቀበላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ እናንተው ወላጅ ለሆናችሁ የዚያን ጊዜ ሕፃናትም ጭምር፦ እትዬ አስካለ አርፈዋል። ባለፈው ሚያዝያ፣ ቡናው አበባውን አራግፎ ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን፣ ከመዋያው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤታቸው እንደተኙ ሳይነሡ ቀሩ። ቀኑ ዓርብ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ «ዓርብማ የእሳቸው ቀን ነው» ማለቱ አልቀረም፤ እኔም ብያለሁ።

ስሜ ጽጌ ነው። ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ፤ ልጄ ሰናይትም በእትዬ አስካለ እጅ ካደጉት አንዷ ናት። በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ለረጅም ዘመን ሕፃናትን ተንከባክበዋል» ተብሎ ታለፈ። ውሸት አይደለም፤ ግን ያሳንሳቸዋል። ተናድጄ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ፤ የጎደለውን እናንተ ትሞሉታላችሁ።

መዋያው በደርግ ጊዜ እንዴት እንደተከፈተ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የቡና መጋዘኖች ነበሩ። ከነጋዴው ላይ ሲወረሱ ቀበሌው አንዱን ለሕፃናት ሰጠ፤ ሌላውን እስር ቤት አደረገው። በመካከላቸው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነበር። የመዋያው ወለል የቱንም ያህል ቢታጠብ የጀንፈል፣ የደረቅ ቡና ፍሬ፣ ሽታ አልለቀቀውም፤ ልጆቻችን ማታ ሲመለሱ ፀጉራቸው ሁሉ ቡና ቡና ይል ነበር።

እትዬ አስካለ ቀጠን ያሉ፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ፣ ድምፃቸውን ዝግ አድርገው የሚናገሩ ሴት ነበሩ። ልጅ ሲያለቅስ አባብለው አያስቸግሩትም። አጠገቡ ይቀመጡና የተበጠሰ ቁልፍ መትከል ይጀምራሉ። ልጁም ጥቂት ቆይቶ ለቅሶውን ይተውና መርፌዋን መከተል ይጀምራል። «ለቅሶም ተመልካች ሲያጣ ይሰለቻል» ይሉ ነበር።

ከእናቶቹ ብዙዎቹ ቡና ለቃሚና ጉሊት ቸርቻሪ ነበሩና ማስታወቂያ ቢለጠፍ የሚያነበው ጥቂት ነው። እትዬ አስካለ ስለዚህ ዓርብ ማታ ማታ፣ ልጅ መረከቢያ ሰዓት ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ይቆማሉ። «ዜና አለኝ፤ ማሳሰቢያም አለኝ» ብለው ይጀምራሉ። በአማርኛ የተናገሩትን በኦሮምኛ ይደግሙታል፤ አንዳንዴም ሁለቱን እንዳመጣላቸው ይቀላቅሉታል። ሚያዝያ ሲገባ ዜናው ይበዛ ነበር።

«ዜና። የጫልቱ ልጅ ዛሬ ግድግዳ ሳይዝ ቆመ። የእታገኝ ልጅ ጥርሱን አውልቋል፤ ጥርሱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ልብሱን ከማጠብሽ በፊት ፈትሺ። ማሳሰቢያ። ዝናብ ጀምሯል፤ ቅያሪ ልብስ ይምጣ። ማንጎ ደርሷል፤ አስይዛችሁ የምትልኩ፣ ልብሱን የሚያጥበው ማን እንደሆነ አስቡ። ሙጃሌውን ዝናቡ ይገድለዋል ብላችሁ አትዘናጉ፤ የኢጆሌን፣ የልጆቹን፣ እግር እዩ።»

የመጨረሻው ማሳሰቢያ ግን በጋ ከክረምት አይለወጥም። «ልጅን የምሰጠው ላመጣው እጅ ነው። ያመጣ እጅ ይውሰድ።»

ሕጋቸው ይህች ነበረች። ጠዋት እናት ካመጣች ማታ እናት ትወስዳለች፤ አባት ካመጣ አባት ይወስዳል። ሌላ ሰው እንዲወስድ የሚፈልግ፣ ያን ሰው ጠዋት ራሱ ይዞት መጥቶ ያሳያል። አያት ተመልሳ ሄዳለች፤ አክስት ተቆጥታ ሄዳለች። ሁላችንም እናጉረመርም ነበር። «መዋያ ነው ወይስ ባንክ?» ያልኩት እኔው ነኝ፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉኝ።

አንድ የሚያዝያ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ መጣ። ጠዋት ልጁን ያመጣችው ሚስቱ ነበረች። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው። ሁላችንም በሩ ላይ ነበርን።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጠዋት ያመጣችው ባለቤትዎ ናት» አሉት።

«እኔ እኮ አባቱ ነኝ!»

«እሱንማ መልኩም ይመሰክራል። ግን ያመጣ እጅ ይውሰድ።»

ከውስጥ ልጁ «አባዬ!» እያለ ይጣራል። ሰውየው ግራ ቀኝ አየን፤ የሚስቅም የሚቆጣም መሰለ፤ በመጨረሻ ሳቀና በዚያው ዝናብ ተመልሶ ሚስቱን ላከ። የመዋያው ምግብ አብሳይ ሰዓዳ፣ የጎሬ ነጋዴ ልጅ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እትዬ አስኩ፣ ይቺ ሕግዎ አንድ ቀን ታስበላዎታለች» አለቻቸው። እሳቸውም «የበላኝ ይብላኝ። ልጅ ዕቃ አይደለም፤ የመጣ ሁሉ አያነሣውም» አሉ።

በዓመቱ ያ የፍርሃት ጊዜ መጣ። ባለቤቴም አስተማሪ ነበር። እየተፈለገ መሆኑን ሲሰማ በዳሪሙ በኩል በእግሩ ወጣ፤ ወሬው ጠፋ። አንድ ዓርብ ሰናይትን በጃንጥላ ይዤ ሄጄ ለእትዬ አስካለ አስረከብኩና ወደ ሥራዬ ገባሁ። ከቀትር በፊት ከተማሪዎቼ ፊት ወሰዱኝ። ያስገቡኝ ሁለተኛው መጋዘን ውስጥ ነው። ከአጥሩ ማዶ ልጆች ሲንጫጩ ይሰማኛል፤ የእኔዋ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጥፌ ዋልኩ።

የዚያን ቀን ማታ የሆነውን ኋላ የነገረችኝ ሰዓዳ ናት። አንድ አብዮት ጠባቂ ጃንጥላዬን ይዞ መዋያው በር ላይ ቆመ። «እናቷ ልካኛለች፤ ጃንጥላዋ ይኸው» አለ። ልጅቷ ቀበሌ ተይዛለች የሚል ወሬ ከተነዛ አባቷ ካለበት ይወጣል ብለው ነው።

እትዬ አስካለ ጃንጥላውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ጃንጥላውስ የእሷ ነው። እጁ ግን የእሷ አይደለም» አሉት።

«እምቢ ነው የምትዪው?»

«እናቷ እዚሁ አጥሩ ማዶ አይደለች? ይዛችኋት ኑ፤ ትውሰድ።»

ሰውየው ሄዶ ሊቀ መንበሩን ይዞ መጣ። ሰዓዳ ጭልፋዋን እንደጨበጠች ከኋላ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። እትዬ አስካለ አልተንበረከኩም፤ ስለ አብዮትም ስለ እግዚአብሔርም አልተናገሩም። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እርስዎንም መልሼዎታለሁ» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም።

በጉልበት ሊወስዳት ይችል ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ከራሱ ልጅ ተከልክሎ በዝናብ ሲመለስ ያዩት እናቶች ሁሉ እዚያው ቆመዋል። ያን ቀን የተገዛላትን ሕግ ዛሬ ቢሰብራት ለምን እንደሰበራት የማይገባው የለም። ሊቀ መንበሩ የቆሙትን እናቶች አየና «ተዋት፤ ይቺ ሴትዮ ለእኔም አልተበገረችም» ብሎ ሄደ። ስናጉረመርምባት የኖርናት ሕግ ልጄን አተረፈችልኝ።

እኔ ግን ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ጠያቂ ክልክል ነው፤ መልእክት ክልክል ነው። ልጄ የት እንዳደረች፣ ማን እጅ እንደገባች እያሰብኩ አእምሮዬን ልስት ደርሼ ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ጋብ ሲል፣ ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት መጮህ ጀመረች። መጀመሪያ ድምፁን አላወቅሁትም። እሳቸው ጮኸው አያውቁማ።

«ዜና አለኝ! ማሳሰቢያም አለኝ! ዜና! የአንዲት ልጅ የጫማ ማሰሪያ ተበጥሶ ነበር፤ ተሰፍቷል! እኔ ጋ የምታድር ልጅ አለች፤ በልታ ነው የምትተኛው! ማሳሰቢያ! ያመጣ እጅ ይውሰድ! ያ እጅ እስኪመጣ በሬ አይዘጋም!»

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበረች ታሳሪ ጠባቂው እንዳያየኝ በሰውነቷ ከለለችኝ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ እስኪደርስ እኖር ነበር። ስም አይጠሩም፤ «አንዲት ልጅ» ይላሉ። አንዲት ልጅ ደረጃውን ለብቻዋ ወረደች። አንዲት ልጅ ጎመን አልበላም ብላ በመጨረሻ በላች። አንዲት ልጅ ኩፍኝ ይዟት ነበር፤ አልፏል፤ ቆዳዋ ጠርቷል። የኩፍኙን ዜና ካለፈ በኋላ ብቻ የነገሩኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው።

በወዲያኛው በኩል ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። እናቶቹ ጩኸቱን ሲሰሙ እትዬ አስካለ ጆሯቸው ሊደነቁር ነው ብለው ደመደሙ! አንዷ ለጋ ቅቤ አምጥታ ለብ አድርገው እንዲያንጠባጥቡ መከረች። ሌላዋ ጤና አዳም አመጣች። ከሶር ወንዝ ማዶ የምትመጣ አንዲት እናት ማር በቅል ይዛ መጣች። እሳቸውም ሁሉንም በምስጋና እየተቀበሉ «እግዜር ይስጥልኝ! ትንሽ ተሽሎኛል!» እያሉ ይጮሁ ነበር። ማሩን ሰዓዳ ለልጆቹ በዳቦ አበላቻቸው። አንድ ዓርብ ዝናቡ አልቆም ብሎ፣ እናቶች የሙዝ ቅጠል ራሳቸው ላይ ደፍተው «ምነው እትዬ አስኩ፣ ውስጥ ገብተን ቢነግሩን?» ቢሏቸው «ዜና በር ላይ ነው!» ብለው እስኪያባራ አቆሟቸው። በቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ የሚናገሩት እንደማይሰማኝ እሳቸው ያውቃሉ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ምንም ሳይሉኝ ለቀቁኝ። ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ አጥሩን ዞርኩና መዋያው በር ላይ ቆምኩ። ከስቻለሁ፤ ፀጉሬ ተቆርጧል። ሰናይት አየችኝና ከሰዓዳ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። እንደዚያን ቀን የጨለመብኝ የለም። እትዬ አስካለ መጥተው ቀኝ እጄን ያዙና ወደ ልጄ ዘረጉት።

«ፊቷን ተይው፤ ይቺን እጅ ታውቂያታለሽ?» አሏት።

ሰናይት ቀስ ብላ መጣች፤ መንገድ ስንሄድ እንደለመደችው ትንሿን ጣቴን ያዘች። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አነሡኝ። ጃንጥላዬን ከምስማሩ ላይ አወረዱና ሰጡኝ፤ በድሮው ዝግ ያለ ድምፃቸውም «ማሳሰቢያ አለኝ፤ ሰኞ ቅያሪ ልብስ እንዳይረሳ» አሉኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ባለቤቴ አልተመለሰም። የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያችን ሕግ ከየት እንዳመጧት ከጊዜ በኋላ ጠየቅኋቸው። የሰናይትን እግር ጭናቸው ላይ አድርገው ሙጃሌ በመርፌ እያወጡ ነበር። «እናቴ ከዳሪሙ ይዛኝ ጎሬ ገበያ ወጣች» አሉ። «ዕቃዋን ሸጣ እስክትመለስ ለአንዲት ዘመድ ሰጠችኝ። ሌላ ሰው መጥቶ ‹እናቷ ልካኛለች› አለ፤ ሴትዮዋም አመነችው። ያደግሁት በሰው ቤት፣ በሰው ሥራ ነው። እናቴ ተመልሳ ስታጣኝ ምን እንዳለች የነገረኝ የለም። ያመጣኝ እጅ አልወሰደኝም።» ቀና አላሉም። መርፌውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ሌላው እግር አለፉ።

እትዬ አስኩ፣ ዛሬ ተራው የእኔ ነው። ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ በእርስዎና በእኛ መካከል ያለው አጥር ከዚያኛው ይወፍራልና። ዜና አለኝ። ሰናይት ለቀብርዎ ከጅማ መጥታ ነበር፤ ሴት ልጇን ይዛ፣ ልጅቷም የእናቷን ትንሽ ጣት ይዛ። ሰዓዳ ዓይኗ ደክሟል፤ የእርስዎን ስም ሲጠሩባት ግን አሁንም ጭልፋ እንደጨበጠች ሁሉ ቀጥ ትላለች። ዘንድሮም ዝናቡ በጊዜው ጀምሯል፤ ማንጎውም ደርሷል። ማሳሰቢያ ግን የለኝም፤ ለእርስዎ ምን ይታሰባል? በልጅነትዎ ጎሬ ገበያ ያመጣዎት የእናትዎ እጅ ተመልሶ አጣዎት። ከእርሱ በፊት ወደዚህ ዓለም ያመጣዎት የፈጣሪ እጅ ግን በራስዎ ዓርብ በርዎ ላይ መጥቶ ቆመ፤ እርስዎም አውቀውት ሄዱ። ነጋቲ፣ በሰላም ይሂዱ፣ እትዬ አስኩ። ያመጣ እጅ ወሰደ።