ጠጋ በይላት

ጣና ዳር አንዲት የደንገል ታንኳ ውሃዋ እንዲንጠፈጠፍ ዋርካ ተደግፋ ቆማለች። የእርጥብ ደንገል ሽታዋ እኔ ከተቀመጥሁበት አግዳሚ ወንበር ድረስ ይመጣል። እጄ ላይ ከአሳታሚው የተላከልኝ የመጽሐፌ ናሙና አለ፤ ለልጆች የጻፍሁት፣ ሠዓሊ የሣለበት የጅብና የግልገል ተረት ነው። እኔ ስጽፈው ግልገሏን አድኛት ነበር። አሳታሚው ግን «ተረቱ ላይ ይበላታል እኮ!» ስላለኝ፣ ቀይሮት ይሆናል ብዬ የመጨረሻውን ገጽ መግለጥ ፈራሁ።

ተረቱን በሰባት ዓመቴ፣ እዚሁ ጣና ዳር ባለችው ቁንዝላ ያወሩልኝ ጎረቤታችን፣ ታንኳ ሠሪው ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ደንገሉን በጉልበታቸው ተጭነው እያሰሩ ነበር የሚያወሩልኝ። ጅቡ ግልገሏን አባሮ ሐይቁ ዳር ሲደርስባት፣ ዘልዬ ያላለቀችው ታንኳ ላይ ወጣሁ።

«ካልዳነች አልወርድም!»

ገመዱን ለቀው ትክ ብለው አዩኝ። ተረቱን ከአባታቸው ነበር የሰሙት፤ ግልገሏ አንድም ቀን ድና አታውቅም።

«እንግዲያማ ጠጋ በይላት» አሉኝ። «ታንኳዋ ለሁለታችሁም ትበቃለች።»

ገጹን ገለጥሁት። ግልገሏ ታንኳ ላይ ናት፤ ጅቡ ዳር ቀርቷል። ተመስገን! ሠዓሊው ከአጠገቧ አንዲት ልጅ የምታስቀምጥ ባዶ ቦታ ትቷል። ጋሽ እንድሪስ ያኔ ያሉኝን ደግሞ ለሠዓሊውም ሆነ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሳላስበው ወንበሩ ላይ ጠጋ አልሁ።