ደምሴ ከጉባኤው ያመጣው ጸጥታ

ባለቤቴ ደምሴ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነበር። ሌላው ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ ታማሚ ሲመጣበት «አይዞህ፣ ትድናለህ» ይላል። እሱ ግን መርፌውን እየቀቀለ «ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ብሎ እቅጩን ይነግረዋል። ስንት ጊዜ ተጣላሁት! «ሰው እኮ ክሊኒክ የሚመጣው መርፌ ብቻ ፈልጎ አይደለም፣ ቃልም ፈልጎ ነው» ስለው፣ «ቃሉን ቄሱ ይስጡት» ይለኛል። ቢሆንም የሸዋ ሮቢት ሰው ይወደው ነበር። «ሐኪም ደምሴ» ነው የሚሉት። ድሬሰር መሆኑን እሱ ራሱ ካላነሳው በቀር የሚያስታውስ አልነበረም።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነበር። ወባ ይመጣል፣ እባብ የነደፈው ይመጣል፣ ምጥ የጠናባት ትመጣለች። የሚችለውን ይረዳል፤ ያልቻለው ቀን እራት አይበላም። ከሁሉ የሚፈራው መንጋጋ ቆልፍን ነበር። ያ በሽታ የያዘው ሰው አፉ ግጥም ይላል፣ ጀርባው እንደ ደጋን ይለጠጣል፣ አእምሮው ግን እስከ መጨረሻው ሁሉን ያውቃል። እሾህ በሞላበት የቆላ እርሻ በባዶ እግሩ የሚውል ሰው መቼም ከዚህ አያመልጥም። ደምሴ እጅ ከገቡት መሐል አንድም የተረፈ አልነበረም።

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ፣ ወባ ለመቆጣጠር ወደ ቆላው የወረደ አንድ ዶክተር አዲስ አበባ ላይ ስለሚደረገው የሐኪሞች ዓመታዊ ጉባኤ አጫወተው። የዚያን ዓመት የሚነጋገሩት ስለ ጽኑ ሕሙማን ነበር፤ ነፍሳቸው ልትወጣ ስለደረሰች ሰዎች። «ና፣ ከኋላ ተቀምጠህ ስማ፤ የሚያባርርህ የለም» አለው። ደምሴ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም። የወንድሜን ካፖርት ተዋሰ፣ ጫማውን አስጠገነ፣ እኔም ሸሚዙን ተኩሼ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘሁት። ቆላ ያደገ ሰው አይደል፣ ገና ደብረ ሲና ሲደርስ ካፖርቱን ለብሶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሲያልፍ ደግሞ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ እንደነበር ሲመለስ ነገረኝ።

ጉባኤው በእንግሊዝኛ ነበር። እሱ የሚያውቀው የመድኃኒት ስም ብቻ ስለሆነ፣ አጠገቡ የተቀመጠች ነርስ በሹክሹክታ እየተረጎመችለት ሰማ። ቱቦ ያለው ሳጥን አሳዩአቸው፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ከፍ ዝቅ እያለ፣ መተንፈስ ላቃተው ሰው ይተነፍስለታል። ከዚያ አንድ ሽበታም ዶክተር ተነሡና ስለ መንጋጋ ቆልፍ ተናገሩ። መርዙን የሚያረክስ መርፌ እንዳለ፣ ታማሚውን በመድኃኒት አስተኝተው በዚያ ሳጥን እንደሚያስተነፍሱት አስረዱ። ሲጨርሱ ደምሴ ሳያስበው እጁን አወጣ። ያን ሁሉ ኮትና ክራባት ሲያይ ተጸጸተ፤ ግን ተነሥቷልና ጠየቀ።

«ሳጥኑም መድኃኒቱም በሌለበት አገርስ፣ ጌታዬ፣ ምን እናድርግ?»

ዶክተሩ አልሳቁበትም። መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኛም በሳጥኑ ግማሹን ያህል ነው የምናተርፈው» አሉት በአማርኛ። «በእጅህ ያለው ጸጥታ ነው። ጨለማ ቤት አስተኛው። ድምፅ አይሰማ፣ እጅ አይንካው፤ በደነገጠ ቁጥር ሰውነቱ ደርቆ ይገነተራልና ትንፋሹ ይቆማል። መርፌውን ሰው ልከህ ከእኔ ዘንድ አስወስድ። እስኪደርስልህ ጸጥታ አትለየው።»

ሲመለስ የከተማው ሰው ከቦ «ምን አመጣህልን?» አለው። «ጸጥታ» አላቸው፣ ያው ውሸት አያውቅ። ሆቴል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «አዲስ አበባ ድረስ ወጥቶ ዝምታ ገዝቶ ገባ!» ተባለ። በጠጅ የሚጨቃጨቁ ሰዎችን ሁሉ «ደምሴን ጥሩና ዝም ያሰኛችሁ» ማለት ልማድ ሆነ። እኔም አልማርኩትም፤ ሲያኮርፈኝ «ጉባኤው ተጀመረ እንዴ?» እለው ነበር።

ነሐሴ ላይ ትርንጎ ታመመች። ትርንጎ የቀወቱ ገበሬ የወርቁ ብቸኛ ልጅ ነበረች። ያሳደገቻት ግን የወርቁ እኅት ሙሉ ናት፤ ጀውሃ ላይ ለሾፌሮች ምግብ እየሸጠች፣ የራሷ ልጅ ስለሌላት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት። ልጅቱ ወደ አባትና እናቷ ከተመለሰች ገና ዓመቷ ነበር። ማሽላ ስታርም እሾህ ተረከዟን ወጋት፣ ነቅላ ጣለችው፣ ረሳችው። ሰነበተችና አንድ ጠዋት አፏን መክፈት አቃታት።

ደምሴ ባያት ጊዜ ፊቱ አመድ መሰለ። ቁስሉን ከፍቶ አጠበ፣ ፔኒሲሊን ወጋት፣ የነበረችውን ጥቂት የማስተኛ መርፌ ሰጣት። ወደ አዲስ አበባ እንዳይወስዳት፣ በክረምት በጣርማ በር ጠመዝማዛ መንገድ በጭነት መኪና ማለት በየጉድጓዱ መገንተር ማለት ነው፤ ለመንገዱ የሚበቃ ማስተኛ አልነበረውም። «ብወስዳትም ትሞትብኛለች፣ ባልወስዳትም» አለኝና ራሱን ያዘ። በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን ሾፌር ሐሚድን ጠራው። «ለዶክተሩ፣ ያ በጉባኤው የጠየቀዎ የሸዋ ሮቢቱ ድሬሰር ላከኝ በላቸው። መርፌውን ይዘህ ና፤ የትም አትደር!» ሐሚድ «ኢንሻ አላህ፣ ነፍሴን ሰጥቼ አመጣዋለሁ» ብሎ መኪናውን አስነሣ።

ክሊኒኩ ለጸጥታ አልሆነም፤ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይመታል። ስለዚህ በወርቁ የሣር ቤት ውስጥ ተኛች። ውሻው ማዶ ታሰረ፣ አውራ ዶሮው ለጎረቤት ተሰጠ፣ በሩ ተዘግቶ በብርድ ልብስ ተጋረደ። እናቷ እንባዋን መያዝ ስላልቻለች ከልጅቱ አጠገብ የምቀመጥ እኔ ሆንኩ። «ልሳንሽን ያዢ፣ የእግርሽ ኮቴ እንኳ አይሰማ» አለኝ ደምሴ፤ እኔን፣ በአፌ የታወቅሁትን ሴት!

ጭንቁ የጠያቂው ነገር ነበር። የታመመ ሳይጠይቅ የሚቀር ሰው በአገራችን ከሰው አይቆጠርም። ሴቱም ወንዱም እየመጣ «ዓይኗን አይቼ ልሂድ» ይላል። ደምሴ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ማንም ወደ ቤቱ አልሄድ አለው። በመጨረሻ ታረቁ፤ ሰው ሁሉ ከግራሩ ሥር ይቀመጥ፣ ግን ትንፍሽ አይበል። ሽማግሌው ጋሼ በላይ ደግሞ መንገዱ ላይ ቆመው የሚመጣውን በምልክት ዝም ያሰኙ።

ደግሞም ሠራ! በማግሥቱ መገንተሩ ራቅ ራቅ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በጥርሷ መሐል በጥጥ ውሃ ባንጠባጥብላት ዋጠችው። ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። ወጥቼ በጆሮው ብነግረው፣ ያ ቃል የማይወጣው ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ሐሚድ ዛሬ ይደርሳል» አለኝ። ሲተነብይ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጀውሃ ላይ ግን አንድ ሾፌር ለአክስቷ ለሙሉ «ትርንጎ በጽኑ ታማለች፣ ቶሎ ድረሺ» ብሏት ኖሯል። እውነቱን ነው የነገራት። ግን በእኛ አገር ልጁ የሞተበትን ሰው ምን ብለው ነው የሚጠሩት? «ታሟል፣ ድረስ» ብለው አይደል? መርዶ እንዲህ ነው የሚጀመረው። ሴትዮዋ ግማሹን መርዶ በልቧ ተሸክማ፣ ጎረቤቶቿን አስከትላ፣ ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። ጋሼ በላይን ስታገኝ «ጋሼ፣ ትርንጎስ?» አለቻቸው። እሳቸው መናገር ተከልክለዋል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፣ እንዳትሮጥ ክንዷን ያዝ አደረጓት፣ አንገታቸውን ደፉ። ቀና ብትል ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ የሚናገር የለም፤ የቤቱ በር ተዘግቷል።

ሌላ ምን ትጠብቅ? የተዘጋ በር፣ የተቀመጠ ሰው፣ ክንድ የሚይዝ ሽማግሌ፤ በዚህ አገር ተወልዶ ይህን የማያነብ የለም። እኔም ብሆን አነበው ነበር።

«ወየው ልጄን! ወየው ትርንጎዬን!»

ከኋላዋ ያሉት ተቀበሏት። ከግራሩ ሥር የነበሩትም፣ ውስጥ ያለውን ያላዩ፣ ነፍሷ ወጥታ ተደብቆን ይሆናል ብለው እየጮኹ ተነሡ። ደምሴ «አልሞተችም! በእግዚአብሔር፣ አልሞተችም!» እያለ ወደ እነሱ ሮጠ። በዚያ ጩኸት የእሱን ድምፅ ማን ይሰማል። እኔ ውስጥ ነበርኩ። በትርንጎ ጆሮ ላይ ነጠላዬን ጫንኩ፣ በላይዋ ላይ ተደፋሁ። ከሥሬ እንደ እንጨት ደረቀች። ትንፋሿ ቆመ፤ ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ፣ ተመለሰም፤ ጩኸቱ በሩ ዘንድ ሲደርስ እንደገና ቆመ። ደምሴ ገብቶ በአፏ ሊተነፍስላት ሞከረ። መንጋጋዋ አልከፈት አለው። በአፍንጫዋ ተነፈሰ፣ ደረቷን ገፋ፣ አሁንም ተነፈሰ። ያቺ ቱቦ ያላት ሳጥን በዓይኑ ላይ ነበረች፤ ኋላ ነግሮኛል።

ሐሚድ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። መርፌውን በሽርጡ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎት ነበር። ለቅሶውን ከመንገዱ ሰምቶ መኪናው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ማንም ሙሉን አልወቀሳት። ማን ደፍሮ ይንገራት? እኔ ግን ውስጤ ነደደ። ዓመቱን ሙሉ የምላትን አዘጋጅቼ ነበር፤ አንቺ ነሽ የገደልሻት የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ በአፌ አላመጥኩት። ደምሴ ደግሞ «ብወስዳት ኖሮ» ይላል፣ «ሰዉን ባባርር ኖሮ» ይላል፣ እራቱን ይተዋል።

በዓመቱ ግንቦት ሲመጣ ያ የወባ ዶክተር ለጉባኤው እንደገና ጠራው። በሚሄድበት ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ ሳለ ሙሉ በራችን ላይ ቆማ አገኘናት። ከስታ ያው አጥንቷ ቀርቷል። «ይግቡ፣ እትዬ ሙሉ» አልናት። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች እንጂ አልገባችም።

«ሐኪም» አለችው፣ «ሰው አንድ ነገር ያወራል። አንተ ውሸት አታውቅም ብዬ ነው የመጣሁ። እኔ ስደርስ ልጄ ሞታ ነበር አይደል?»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ያቺን ዓይን ሳይ ዓመቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«ሞታ ነበር፣ እትዬ ሙሉ» አለ ደምሴ። «እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ሞታ ነበር።»

ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፍታ አለቀሰች። ያ ተራራ የሚያናውጥ ድምፅ አልነበራትም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደምሴ ከነካፖርቱ ደፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ፣ ደግሞ ነፋ። አልተነሣም።