መርዶ በደብዳቤ አይነገርም

አዳማ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው የጥብቅና ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ አቶ ዘውዴ ወንበር እንኳ ሳይሰጡኝ፣ "ስሚ የኔ ልጅ፣ ሕጉን ከመጽሐፍ ታገኚዋለሽ። ደንበኛ የሚፈልገውን ግን ከራሱ በቀር የሚነግርሽ የለም" አሉኝ። እኔ በማዕረግ የተመረቅሁ፣ አፌ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። "እሺ" ብዬ በልቤ ሳቅሁባቸው።

የመሬት፣ የውርስ፣ የፍቺ ጉዳይ ስንቱን ያዝኩ! የምኮራበት ግን አንዱ ነው፤ የእማማ ብርቄ።

እማማ ብርቄ ከአዳማ ብዙም የማትርቀው የደራ ከተማ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ግርማን ባለፈው መንግሥት ጊዜ የጸጥታ ሰዎች ከወፍጮ ቤት ደጃፍ ይዘውት ሄዱ፤ በዚያው ቀረ። ጎረቤት "ይበቃዎታል፣ ለቅሶ ይቀመጡ" ሲላቸው፣ "ማን አርድቶኝ?" ይላሉ።

የወሰደውን መሥሪያ ቤት ጠየቅን። "መረጃ የለም" ተባልን። ይግባኝ አልን። ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነ። የደራ ሾፌሮች "እናታችን፣ ዛሬም ክስ ነው?" ሲሏቸው፣ "ምን ላድርግ፣ መንግሥት ደራ አልመጣ አለኝ" ይሉ ነበር።

በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ፣ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀውን ሁሉ እንዲገልጽ አዘዘ። በደስታ ዘለልኩ! የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አስጠርተው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጡኝ፤ ግርማ በእስር ላይ ሳለ ተገድሏል ይላል። እማማ ብርቄ ግን አልቀበልም አሉ።

"መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። የወሰዱት መጥተው ይንገሩኝ።"

ሕጉ ይህን አያስገድድም። የአቶ ዘውዴ ነገር ትዝ አለኝና ተመልሼ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ።

"እናትየው መሞቱን አወቁ እኮ። ሌላ ምን ፈለጉ?" አሉኝ።

"ጌታዬ፣ እርስዎን እናትዎ ሲሞቱ በደብዳቤ ነው ያረዱዎት?"

ፊታቸው ተለዋወጠ። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። እሳቸው ግን፣ "ማለዳ ነው አይደል የሚነገረው?" አሉ።

ቅዳሜ ማለዳ እማማ ብርቄ ቤት ጎረቤቱና ሽማግሌው ተሰብስቦ ሳለ ኃላፊው ገቡ። አልተቀመጡም።

"እናቴ፣ ልጅዎ ሞቷል። የገደሉት የእኛ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ለዐቃቤ ሕግ ሰጥተናል። የተቀበረበትንም አሳይዎታለሁ።"

"ብቻውን ነው የተቀበረው?"

"አይደለም። ከሌሎች ልጆች ጋር ነው።"

"እንግዲያው የእነሱንም እናቶች ሄዳችሁ አርዱ" አሉና ነጠላቸውን በወገባቸው ታጠቁ። "ልጄን!" ብለው ጮኹ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

የገዳዮቹ ክስ ገና በቀጠሮ ላይ ነው። የሌሎቹን እናቶች ግን ቤት ለቤት ያረዱት እኚያው ኃላፊ ናቸው፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

ለጀማሪ ጠበቆች የምለው አጭር ነው። የሚፈልገውን ራሱን ደንበኛውን ጠይቁት። ከዚያ ያነሰ ሲሰጧችሁ ተቀብላችሁ አትፈርሙ።