አየሁ ያልኩት ጦርነት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው የካቲት፣ የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ፈተና ጨርሼ ለዕረፍት ወደ አዋሽ በሄድኩ ጊዜ ነው። ሳላስብ በተናገርኩት አንድ ቃል ምክንያት አንዲት እናት ስድስት ቀን ሙሉ መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ሌላው ሁሉ ሲረሳኝ ይህ ብቻ አልረሳ ብሎኛል።

አባቴ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ይሠራል። በገባሁ በሦስተኛው ቀን የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እቤት ድረስ መጡ። ፊልም የሚያሳይ መኪና እንደሚመጣና ከፊልሙ በኋላ ውይይት እንደሚኖር ነገሩኝ። "አንተ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነህ፤ ለሕዝቡ ታብራራለህ" አሉና አራት ገጽ ጽሑፍ ሰጡኝ። እምቢ ማለት አይቻልም ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም እምቢ ማለት አልፈለግሁም።

ፊልሙ እንግሊዝና አርጀንቲና በፎክላንድ ደሴቶች ስላደረጉት ጦርነት ነው። አርጀንቲናዎቹ ማልቪናስ ይሏቸዋል። ጦርነቱ ካበቃ ቆይቷል፤ ፊልሙ ግን አዋሽ ገና መድረሱ ነበር። መኪናው በመጣ ቀን ከቀትር በኋላ የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። እኛ ላብ በጀርባችን እየወረደ፣ ግድግዳው ላይ ወታደሮች ጭቃና በረዶ ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ። መጨረሻ ላይ መርከብ ወደብ ይደርሳል፤ ልጆቹ እየሮጡ ይወርዳሉ፤ እናቶች አንገታቸው ላይ ይጠመጠማሉ።

ከዚያ "ደሴቶቹ የማን ናቸው?" የሚለው ክርክር ተጀመረ። እኔ ከጽሑፉ ላይ አነበብኩ። አንድ የባቡር ሠራተኛ እጁን አወጣ።

"ለመሆኑ ሰው ይኖርበታል?"

"ጥቂት ሰዎች አሉ። በግ ግን ብዙ ነው።"

"ታዲያ በጎቹን ማን ጠየቃቸው?"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሊቀ መንበሩ "ጓዶች፣ ሥነ ሥርዓት!" እያሉ ጠረጴዛውን መቱ። ወደ እኔም ቆጣ ብለው አዩ። ተጨነቅሁና ጽሑፉ ላይ የሌለ መዝጊያ ፈጠርኩ፦ "ዋናው ነገር ጦርነቱ አብቅቷል፤ ልጆቹም በመርከብ ወደ እናቶቻቸው ተመልሰዋል።" ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ። ሊቀ መንበሩም ፈገግ አሉ።

ስወጣ የአባቴ ወዳጅ አባ ሐመዱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ግመል ነጋዴ የሆኑ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። አዳራሹ ሞልቶ ስለነበር ፊልሙን አላዩም፤ ጭብጨባውን ብቻ ነው የሰሙት። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። ዳጉ ይሉታል። ያየውን እንዳየ፣ የሰማውን እንደሰማ ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል፤ ከራሱ የሚጨምር ሰው ይናቃል።

"ጦርነቱ የት ነው?" አሉኝ።

"ሩቅ ነው፤ ባሕር መሐል ያለ ደሴት ላይ።"

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"ወታደሩስ?"

"በመርከብ ተመለሰ።"

ትኩር ብለው አዩኝ። "አየህ ወይስ ሰማህ?"

ሊቀ መንበሩ ለሻይ እየጠሩኝ ነበር። የአገሮቹን ስም ለመናገር እንኳ አልቆየሁም። "በዓይኔ አየሁ" ብዬ ሄድኩ።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ ሚሌ አስተማሪ የሆነችውን እህቴን ለመጠየቅ በጭነት መኪና ተነሣሁ። አዳይቱ ላይ ጎማ ተነፈሰብን። ሾፌሩ ጎማውን እየፈታ፣ "ደሴቱ ላይ የነበረው ጦር ተመለሰ አሉ፤ ሰምተሃል?" አለኝ።

"ማን አለ?"

"አፋሮቹ ናቸዋ! እነሱ ደግሞ ወሬ አይጨምሩም።"

ጎማው ተቀይሮ ወደ ሚሌ ቀጠልን።

ሚሌ መገንጠያው ላይ አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከአሰብ ወደብ የሚመጣውን መኪና ሁሉ እጃቸውን እያወዛወዙ ያስቆሙ ነበር። እህቴን ጠየቅኋት።

"ወይዘሮ ዘሃራ ናቸው። ከወሎ መጥተው እዚህ ሻይ ቤት የከፈቱ። ልጃቸው ሰዒድ ወታደር ነው። በመጨረሻው ደብዳቤው፣ ባሕር ውስጥ ያለች ደሴት ላይ ነን ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። አሁን አዋሽ ያለ አንድ ተማሪ ደሴቱ ላይ የነበሩት ወታደሮች በመርከብ ሲመለሱ በዓይኑ አየ ተብሎ፣ ይኸው ሻይ ቤቱን ዘግተው ስድስት ቀናቸው።"

ዝም ብዬ መመለስ እችል ነበር። አስቤውም ነበር። ሻንጣዬን እህቴ ጋ ትቼ ወደ መገንጠያው ሄድኩ።

"እማማ፣ ያ ተማሪ እኔ ነኝ።"

ብድግ ብለው ሁለት እጄን ያዙኝ። "ወላሂ? ሰዒዴን አየኸው? ረዘም ያለ ነው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው!"

"ያየሁት ፊልም ነው፣ እማማ። የሌላ አገር ደሴት፣ የሌላ አገር ልጆች። አጥፍቻለሁ።"

እጄን ቀስ ብለው ለቀቁት። ከአሰብ በኩል አንድ ተሳቢ መጣና አለፈ። አላስቆሙትም።

"የእነዚያ እናቶችስ?" አሉ። "ልጆቻቸውን አገኙ?"

"ያገኙትን አየሁ። ያላገኙትን ፊልሙ አላሳየንም።"

"ላገኙት አልሐምዱሊላህ።" በርጩማውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ያዝልኝ ልጄ፣ ደክሞኛል። ስድስት ቀን ምድጃው እሳት አላየም።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በርጩማውን ተሸክሜ ተከተልኳቸው።

በማግሥቱ ወደ ዲቾቶ ግመል የሚነዳ አፋር መንገድ ላይ አግኝቼ ለመንኩትና ተቀመጥን። የአገሮቹን ስም፣ የፊልሙን ነገር፣ ጦርነቱ ካበቃ መቆየቱን አንድ በአንድ ነገርኩት። እሱም ሳይቸኩል ሁሉንም ጠየቀኝ። መጨረሻ ላይ፣ "አየህ ወይስ ሰማህ?" አለ።

"ሥዕሉን አየሁ፤ ጦርነቱን ሰማሁ።"

ራሱን ነቅንቆ ተነሣና ግመሎቹን ነዳ። የፊተኛው ወሬ ግን ዘጠኝ ቀን ቀድሞታል። ስንት ቤት እንደገባ አላውቅም።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ተመልሻለሁ። ጓደኞቼ ስለ ሩቅ አገር ጦርነት ሲከራከሩ አንዳንዴ እኔንም ተናገር ይሉኛል። አፌን ከመክፈቴ በፊት ይደክመኛል። እህቴ በቅርቡ እንደጻፈችልኝ ወይዘሮ ዘሃራ ሻይ ቤታቸውን ከፍተዋል፤ በርጩማቸውን ግን በሩ ላይ፣ ወደ መገንጠያው አዙረው ነው የሚያስቀምጡት። ስለ ሰዒድ እስካሁን ያየሁትም የሰማሁትም የለም።