ቡላና የስቅለት ፀሐይ

ይርጋነሽ ፀሐይን የምታውቃት እንደ ሥራ ባልደረባ ነው። ቢቸና ገበያ ጌሾና ብቅል መሸጥ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት አልፏታል። ብቅሉ ሳይሻግት፣ ጌሾውም ሳይነጣ እንዲደርቅ ሰሌኑን ጠዋት የት፣ ቀትር ላይ የት እንደምትዘረጋው ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት አትሳሳትም። ሰዓት በእጇ አስራ አታውቅም። ለደንበኞቿ እንኳ ቀጠሮ የምትሰጠው «ፀሐይዋ ከሽንት ቤቱ ጣሪያ ዘወር ስትል ኑ» እያለች ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ «ምስኪን፣ አላወቀችም እኮ ነው» ብሎ የሚከራከርላት እንዳይነሣ ነው። ታውቅ ነበር።

የዛሬ ዓመት ግድም አንድያ ልጇ ምንይሉ ሞተ። ሞጣ ላይ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር፤ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ በሬ ሲያክም፣ በግ ሲከትብ ይውላል። ሦስት ቀን ታሞ በሦስተኛው ሞተ፤ ቀብሩ ቢቸና ሆነ። አርባው ሳይወጣ የሥራ ጓደኞቹ ዕቃውን በአይሱዙ ጭነው አመጡላት፦ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሳጥን፣ የመድኃኒት ቦርሳው፣ ቡላ የሚባል ውሻው፣ በካርቶን ውስጥ ደግሞ ሞጣን ከለቀቀች ጀምሮ ጩኸቷን ያላቋረጠች ጆሮ ነጭ ድመት። ይርጋነሽ ግቢ ውስጥ ምንይሉ ከደመወዙ እየቆጠበ ያሠራት፣ ወለሏ ሲሚንቶ የሆነ አንዲት ክፍል አለች። ዕቃውን እዚያ አስገብታ ቆለፈችው። ውሻና ድመት ተቆልፎባቸው አይኖርምና ግቢው ውስጥ ቀሩ።

በልቅሶው ላይ ደረቷን አልመታችም፣ ፊቷንም አልነጨችም። አንዱ ጎረቤት «ልቧ ደርቋል» አለ፤ ሌላው «እዬዬም ሲደላ ነው» ብሎ አለፋት። እሷም ምን እንደሆነች አታውቅም። ጠዋት ትነሣለች፣ ብቅሉን ታሰጣለች፣ ትገለብጣለች፣ ትሸጣለች። ወጡ ጨው ይኑረው አይኑረው አይለይላትም። አንድ ቀን የጋለ ድስት በባዶ እጇ አውርዳ፣ መዳፏ መላጡን ያየችው ልትታጠብ ስትል ነው።

ቡላን ወደደችው ማለት አይቻልም፤ አልጠላችውምም። ምንይሉ በሕይወት ሳለ ለበዓል ሲመጣ ውሻውንና ድመቷን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ቁጭ ብሎም እናቱን ያስተምራታል።

«እማ፣ ውሻ እንደኛ አያልበውም። ሙቀቱን የሚያወጣው በምላሱ እያለከለከ ነው። በዚህ በበጋ ፀሐይ ላይ ታስሮ ከዋለ በቁሙ ይበስላል። ጥላው ሲዞር ሰንሰለቱንም አብረሽ አዙሪለት። ውኃውንም በማይገለበጥ ነገር ስጪው። ድመቷ ነጻ ናት፣ ጥላዋን ራሷ ትፈልጋለች፤ ብቻ ጆሮዋ ነጭ ነውና ቀትር ላይ ከቆርቆሮው ጣሪያ አውርጂያት። ፀሐዩ ያቆስላታል።»

የአጥር ጎረቤቷ አናጢው ስጦታው ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። «ለውሻ ጥላ፣ ለድመት ጃንጥላ! ለዶሮዋም መነጽር ይገዛላት እንጂ!» ይላል። ምንይሉም አብሮት ይስቃል።

ልጁ ከሞተ በኋላ ይርጋነሽ ያለውን ሁሉ አደረገች። በፍቅር አይደለም፤ ከብቅሉ ሥራ ጋር ስለሚሄድላት ነው። ቀትር ሲቃረብ ብቅሉን ወደ ፀሐይ፣ ውሻውን ወደ ጥላ ታዛውራለች። ጠዋት ከአጥሩ ግንብ ሥር፣ ከቀትር በኋላ ከግራዋው ዛፍ ሥር። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን አልዘለለችም።

ሰሞነ ሕማማት ሲመጣ ደስ አላት ባይባልም ቀለላት። በዚያ ሳምንት ሰው አይሳሳምም፣ አይጨባበጥም፤ «እንዴት ነሽ፣ ቻልሽው ወይ» እያለ ጉንጯን የሚስማት የለም። ሐሙስ ጉልባኗን ቀምሳ አከፈለች፤ እስከ ትንሣኤ እህል ውኃ በአፏ አይዞርም። አክፍሎት ለሌላው ሰው ፈተና ነው። እሷ ግን ረሃቡም ጥሙም አልተሰማትም።

ዓርብ ስቅለት ማልዳ ቡላን ከግንቡ ሥር አሰረችው። ግንቡ ወፍራም የጠዋት ጥላ አለው። ዘወትር የሚጠጣበት የድንጋይ ገንዳ ተሰንጥቆ ነበርና ውኃውን በፕላስቲክ ሳህን ቀዳችለት። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ሕዝቡ ቅጽሩን ሞልቶ ይሰግዳል። እሷም ከሴቶቹ መካከል ቦታ ይዛ ሰገደች፤ ትወድቃለች፣ ትነሣለች። አንዴ ቀና ስትል የዋርካው ጥላ ከግንዱ ሥር ተሰብስቦ አየች። ስድስት ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። ግንቡ አሁን ጥላ የለውም፤ ከዚህ በኋላ ደግሞ ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታዋል። ሰንሰለቱ አጭር ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታወቃት። ቤቷ ሩቅ አይደለም፤ ሄዳ ብትመለስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅባትም። ነገር ግን ስድስት ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሰጋጁን ሁሉ እየተሻገረ ለውሻ ብሎ የሚወጣ ማን ነው? ደግሞ እውነቱን እንናገር ከተባለ ያስቀራት የሰው ዓይን ብቻ አልነበረም። መሄዱ ራሱ ከበዳት፤ ምንም ነገር ለመሄድ የሚያበቃ ሆኖ አልታያትም። ተመልሳ ሰገደች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንዱ ቄስ በወይራ ቅጠል ጀርባዋን መታ መታ አድርገው «የሠራሽው ኃጢአት አለ?» ሲሏት፣ «የለም» አለች። እንደ ደንቡ መቶ ስግደት ጨመሩላት፤ ሰግዳ ወጣች።

ግቢዋ ስትደርስ ሳህኑ ተገልብጧል። ቡላ በጎኑ ወድቆ ያለከልካል፤ ምላሱ ጠቁሯል፣ አረፋው ከአፈር ተለውሶ ከአፉ ተንጠልጥሏል። ስትጠጋው ሊነሣ ሞከረ፤ እግሩ ተጠላልፎ ወደቀ። ዓይኑ እሷ ላይ ነው፣ ግን አያያትም። ባዶ አየር ነከሰ።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ እንዳይጠጉት! አብዷል!» ስጦታው ዱላ ይዞ በአጥሩ በር ገባ። እውነት አለው፤ ያበደ ውሻ የሚመስለው ይህንኑ ነው። በየበጋው አንድ ሁለት ውሻ በዚህ ዓይነት በሰፈሩ ተቀጥቅጦ ይሞታል፤ ማንም ታስሮ የዋለው የት ነው ብሎ አይጠይቅም።

«ዛሬ ስቅለት ነው፣ ደም አላፈስም» አለ ስጦታው። «ነገ ጠዋት ግን እገላግለዋለሁ። ልጆች አሉኝ፤ አይፍረዱብኝ።»

«አልፈርድብህም» አለችው። በሩን ዘግቶ ወጣ።

ውሻው አጠገብ ቆማ ቆየች። ምንይሉ በቁሙ ይበስላል ያለው ይህንን ነው። አላበደም፤ በስሏል። ያበሰልኩትም እኔ ነኝ አለች በልቧ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ግን ዘግይቶ መጮህም ዝም ከማለት ይሻላል።

ግቢው ሁሉ እንደ ምድጃ ግሏል። የመኖሪያ ቤቷ ቆርቆሮም ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ ይተፋል። ቀዝቃዛ ወለል ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታች። አሥራ አንድ ወር ያልተከፈተው በር ሲከፈት የመድኃኒትና የልጇ ልብስ ሽታ መጣባት። አልቆመችለትም። የብቅል ጆንያ ውኃ ነክራ ውሻውን በላዩ አንከባለለችና እየጎተተች አስገባችው፤ ውሻ ሰው በሚተኛበት ቤት! እናቷ ብታይ ግቢውን ጸበል ታስረጭ ነበር። ሆዱን፣ ብብቱን፣ መዳፎቹንና ጆሮዎቹን አራሰች። መስኮቱን ከፍታ ብቅል በምታነፍስበት ሰፌድ አራገበችለት። ውኃውን በማንኪያ ከከንፈሩ ዳር ታንጠባጥባለች፤ ፈሶ ይወርዳል፤ ደግማ ታንጠባጥባለች። ቢነክሰኝስ ብላ አላሰበችም። ድመቷ ከጋኑ ሥር ወጥታ መጣችና ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋች።

ቅዳሜ ጠዋት ስጦታው ዱላውን ይዞ መጣ። ከኋላው የንስሐ አባቷ ቄስ ወልደ ሰንበት ለየቤቱ የሚያድሉትን ቄጤማ በክንዳቸው አቅፈው ገቡ። ሁለቱም ከክፍሉ ደጃፍ ቆሙ። ቡላ ጭንቅላቱን መሬት ላይ አድርጎ ይተነፍሳል፤ ማለክለኩ ቀርቷል።

«ያበደ ውሻ ውኃ ይፈራል» አለ ስጦታው። «በፊቴ ይጠጣ። ከጠጣ እመለሳለሁ፤ ካልጠጣ ግን እትዬ ይርጋነሽ፣ ዘወር ይበሉልኝ።»

ምንይሉ ቢኖር ኖሮ ይህ ብቻውን አይበቃም፣ አሥር ቀን ለብቻው ታስሮ ይታይ ባለ ነበር። ይርጋነሽም ይህን ታውቃለች፤ ቢሆንም ሳህኑን ከአፍንጫው ሥር አደረገችለት። ቡላ አሸተተ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስጦታው ዱላውን አጥብቆ ያዘ። «ቡላ» አለች፤ ከዚህ በፊት በስሙ ጠርታው አታውቅም። ውሻው ወደ ድምፁ ዞረ፣ ምላሱን ሰደደ፤ አንዴ ላሰ፣ ቆም አለ፣ ከዚያ ሳህኑ እስኪደርቅ ጠጣ።

ስጦታው ዱላውን ከኋላው ደበቀ። «ይቅር ይበሉኝ፤ ለልጆቼ ፈርቼ ነው» አለና ግንቡን አሻግሮ አየት አደረገ። «ከበዓሉ በኋላ አንድ ዳስ ቢጤ ልሥራለት። እንጨት አላጣም።» ሄደ። አልሳቀም።

ቄስ ወልደ ሰንበት ቄጤማ መዝዘው ሰጧት፤ ግንባሯ ላይ አሰረችው። «እንዴት እንዲህ ሆነ?» አሏት ውሻውን እያዩ።

«ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ትዝ ብሎኝ ነበር፣ አባ። እያወቅሁ ተቀመጥኩ።»

«ከጌታ ስቅለት ጋር ነው የተቀመጥሽው፤ ይህ ምን ኃጢአት አለው?»

«ምንይሉም የደወለልኝ ጊዜ ተቀምጫለሁ።»

ቄሱ አልገባቸውም። እሷም የብቅል ዋጋ በምትናገርበት ድምፅ ነገረቻቸው። «ትንሽ አሞኛል እማ፣ ብትመጪ አለኝ። ያን ቀን የማርያም ማኅበር ተራዬ ነበር። ጠላው ደርሷል፣ ዳቦው ተደፍቷል፣ ማኅበርተኛው በር ላይ ነው። ዛሬ ማኅበሬን ላስተናግድ፣ ነገ እመጣለሁ አልኩት። እሺ አለኝ። በማግስቱ ልሳፈር ስል ብደውል፣ ስልኩን ያነሣው ሌላ ሰው ነው። እርስዎም ነበሩ አባ። ጠላውን የባረኩት እርስዎ ነዎት።»

ቄስ ወልደ ሰንበት ያን ቀን ትዝ አላቸው፤ ጠላው ጥሩ ነበር፣ ሁለት ዋንጫ ጠጥተዋል። «ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ሳትነግሪኝ?» አሉ።

«ማን ጠየቀኝ?»

እግዚአብሔር ይፍታሽ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ሳምንቱ ታወሳቸው። በሕማማት ፍትሐት አይሰጥም፤ ከትንሣኤ በፊት ማንንም መፍታት አይችሉም። ገና ያልገቡባቸው ቤቶችም ብዙ ናቸው። «ግድ የለም» አሏት ለመሄድ እየዞሩ፣ «ከቅዳሴ መልስ እፈታሻለሁ። ነገ እመጣለሁ።»

የእሷው ቃል መሆኑን የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ይርጋነሽ አላየቻቸውም፤ የውሻውን ሆድ በጨርቅ ታርሳለች። ቄሱ ቄጤማውን ከክንዳቸው አውርደው ደጃፉ ላይ አኖሩት። ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ሲሚንቶው ላይ፣ ከውሻው ወዲያ ማዶ ተቀመጡ።