የቀጨኔው ሴንሰርና የጋሽ ታዬ ሥጋ ቤት

ከፍሳሽ መስመር ጥገና ወደ አዲሱ የቅጽበት ክትትል ክፍል በተዛወርኩ ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ቀጨኔ ማንሆል ውስጥ ወርዶ ሴንሰር ማሰር ነበር። አካፋ አስረክቤ ታብሌት ተረከብኩ። ቤት ውስጥ ሹመት መስሏቸው ነበር፤ ሽታው ግን እንደ ድሮው አብሮኝ ይገባል።

ሴንሰሩ በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ቅባት እየለካ ለቢሮ ይልካል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያየውን «ጤነኛ» ብሎ ይይዛል፤ ከዚያ ሲያልፍ ይጮኻል። የገጠምነው በዐቢይ ጾም ነው። አለቃችን፣ ወጣቱ ኢንጂነር፣ ስክሪኑ ላይ ዝቅ ብሎ የተኛውን መስመር እያየ የቀጨኔን ሕዝብ ጨዋነት አደነቀ። እሱም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ፤ ማናችንም አላሰብነውም።

በትንሣኤ ጠዋት ማሽኑ እሪ አለ። ኢንጂነሩ ዶሮ ወጡን ትቶ ቢሮ ገባ። ከማንሆሉ በላይ ባለው ዳገት ሥጋ ቤት ያለው ጋሽ ታዬ ብቻ ነው። ጾሙን ሙሉ ዘግቶ ከርሞ በከፈተ በማግስቱ፣ እኔና ደንብ አስከባሪዎቹ ልናሽግበት ሄድን። የተሰቀለውን ሥጋ እያየ፣ «እና ይሄን ማን ይብላው?» አለኝ። አፈርኩ። ለጎረቤት አከፋፈለው፤ ቅባቱም በዚያው ማንሆል ወረደ።

ሥጋ ቤቱ ታሽጎም መስመሩ ከፍ እንዳለ ቀረ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰፈሩ እኮ ፈስኮ ነው አልኩት ኢንጂነሩን።

«ጋሼ፣ ማሽን ሃይማኖት የለውም» አለኝ።

«ማሽኑማ ጾመኛ ነው። ቅባት መቼ አሳየነውና?»

ሳቀ። ጉዳዩ ግን ለኮሚቴ ተመራ፤ ኮሚቴውም በዓለ ሃምሳን ሙሉ መረመረ። ረቡዕና ዓርብ እንኳ ሥጋ የሚበላበት፣ ሥጋ ሻጭ የጾሙን ኪሳራ የሚያካክስበት ወቅት ነው። ጋሽ ታዬ በታሸገው በሩ ፊት ዱካ ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ በመጨረሻ ፍሪጁን ሸጠ። 

የሰኔ ጾም ገባና መስመሩ በራሱ ጊዜ ተኛ። ኢንጂነሩ በተወሰደው እርምጃ ውጤት ተገኝቷል ብሎ ሪፖርት አቀረበ፤ ተጨበጨበለት። ሥጋ ቤቱም እንዲከፈት ታዘዘ፤ ሥጋ የሚገዛ በሌለበት ቀን።

እሽጉን ስቀድለት ጋሽ ታዬ አመሰገነኝ፤ በሩን ግን አልከፈተም።

«ሐምሌ አምስት ጾሙ ሲፈታ እከፍታለሁ» አለ። «አንተም ማሸጊያህን ይዘህ ና፤ ሁለተኛ እንዳትመላለስ።»

ሐምሌ አምስት ማሽኑ ጮኸ።

ለእናንተ ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ሴንሰር ከመትከላችሁ በፊት ሰፈሩ በዚያ ወር ምን እንደሚበላ ጠይቁ።