ከአጥር ውጭ የቆመው ደጋፊ

ዓርብ ቀትር ላይ የምፈልገው እንቅልፍ ብቻ ነው። አባቴ ግን የክፍሌን በር በቀስታ ያንኳኳል። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ የኳስ ሜዳውን ደረጃ ብቻውን አይወጣም፤ ስለዚህ አብሬው እሄዳለሁ።

የምንኖርባት የእስራኤል ከተማ ፔታህ ቲክቫ ትልልቅ ክለቦች አሏት። የእኛ ግን ከታችኞቹ ሊጎች በአንዱ የሚጫወት፣ ብዙ ጊዜ የሚሸነፍ የሰፈር ቡድን ነው። ደጋፊው ተሰብስቦ አንድ አውቶቡስ አይሞላም። እኔ ሰው ፊት መጮህ ስለማልችል ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። አባቴም አይጮህም። ከኋላችን የሚቀመጠው ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ይተርበዋል።

«ጋሼ፣ ዛሬም ለቅሶ ሊደርሱ መጡ?»

«አንተስ ለምን መጣህ? ለሱፉ ነው?»

ቀልዱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ወንድሜ በልጅነቱ እዚህ ይጫወት ነበር። ያን ጊዜ አባቴ ሮሽ ሃዓይን በምትባል ሌላ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ መምጣት አልቻለም፤ የሌሎች ልጆች ወላጆች ለወንድሜ አጨበጨቡለት። ወንድሜ ኳስ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ከአባቴ ልብ ግን ያ ነገር አልወጣም። «ለልጄ ደርሰውልኛል፤ እኔም ልድረስላቸው» ይላል፣ ስለ ሠርግ ወይም ስለ ሐዘን እንደሚናገር ሰው። ስለዚህ ውጤቱን ብዙም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ነው።

በዚህ ዓመት ጨዋታዎቹ ወደ ቅዳሜ ተዛወሩ። የክለቡን መልእክት ከስልኬ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። አባቴ ሰንበት አክባሪ አይሁዳዊ ነው፤ ቅዳሜ መኪና አይሳፈርም፣ ገንዘብ አይነካም።

«በሰደር» አለ፣ በዕብራይስጥ «እሺ» ማለቱ ነው፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። የበሰደር ድምፅ አልነበረውም።

እውነቱን ለመናገር፣ አሁንስ አርፋለሁ ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ከጸሎት ቤት ሲመለስ ነጠላውን አላወለቀም። «በእግር መሄድ አልተከለከለም» አለኝ። ከሰፈራችን ከአሚሻቭ ተነስተን በየአግዳሚው እያረፍን ሄድን። ስንደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ያውቁታል፤ በዕብራይስጥ «ያላ፣ ግባ እንጂ፣ ማን ትኬት ጠየቀህ?» አሉት። አባቴ አመስግኖ እምቢ አለ። ሌላው የሚከፍልበት ቦታ በነፃ መቀመጥ አይሆንለትም፤ በሰንበትም እዚያ ውስጥ መታየት አልፈለገም። ሽቦውን ይዞ ከውጭ ቆመ። እኔም አጠገቡ ቆምኩ።

ጎረቤታችን አይቶን ወደ አጥሩ መጣ።

«ጋሼ፣ ከውጭ የቆመ እንደ መጣ ይቆጠራል እንዴ?»

«አንተ አየኸኝ አይደል?»

ሰውየው ሳቀ፤ ግን ወደ ወንበሩ አልተመለሰም። ጀርባውን ለሽቦው ሰጥቶ እስከ መጨረሻው እዚያው ቆመ። ተሸነፍን።

ስንመለስ ፀሐዩ በረታ። አባቴ በየመቶ እርምጃው ይቆማል፤ እኔም ጫማዬ ልጦኛል። ይበቃል ልለው ቃሉን እያዘጋጀሁ ነበር። አንድ የግንብ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አሸ።

«የሚቀጥለውም ቅዳሜ ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

አሰብ አደረገ።

«እንግዲያው ቀደም ብለን እንውጣ» አለ። «ውኃም እንያዝ።»

እጄን ሰጠሁት፤ ተደግፎ ተነሳ።